ከአርበኞቻችን ጎን የተሰለፈው ጣሊያናዊ፦ የኢሊዮ ባሮንቲኒ ታሪክ



ከሞጆ ተነስቶ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ ወይም ወደ ሻሸመኔ የተጓዘ ሰው ሁሉ የቆቃን ውሃ ያውቀዋል። ለአዳማ ልጅማ ጎረቤቱ ነው። ግድቡ አዋሽን ገትሮ መብራት ያመነጫል፤ ከበታቹ ላሉት ለወንጂና ለመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎችም ውሃው በልክ እንዲደርስ ያደርጋል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ካሉት የኃይል ማመንጫዎች ትልቁ ነበር።

ይህ ግድብ በምን ገንዘብ እንደተሠራ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ቆቃ የተገነባው ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ላደረሰችው ጥፋት በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። አዎ፣ በአውሮፕላን መርዝ የረጨብን፣ ከተማና ገዳም ያቃጠለብን መንግሥት አገር በመጨረሻ ካሣ ከፍላለች።

"ጦርነቱን ስለተሸነፈች ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። አያቶቻችንም ያለ መስዋዕትነት ነፃ አልወጡም። ነገር ግን ከጣሊያኖችም መካከል "ይህ ወረራ ግፍ ነው" ብለው ከገዛ መንግሥታቸው ጋር የተዋጉ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ እስከ ጎጃም ተራሮች ድረስ መጥቶ ከአርበኞቻችን ጋር በረሃ ገብቷል። ኋላም አገሩ ተመልሶ አዲሱን የጣሊያን ሕገ መንግሥት ባወጣው ጉባኤ ውስጥ ተቀምጧል። ስሙ ኢሊዮ ባሮንቲኒ ይባላል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እሱ ነው። (እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው።)

▪ የባቡር ሠራተኛው

ባሮንቲኒ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1890 በጣሊያን የቶስካና ግዛት ቼቺና በምትባል ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ያደገውና የሠራው በወደብ ከተማዋ በሊቮርኖ ነው። በባቡር ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የአዳማ ሰው ይህን ኑሮ ለመረዳት አይቸገርም፤ ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። አያቶቻችን በለገሃሩ ዙሪያ በፉጨትና በጭስ መሃል እንጀራቸውን እንደጋገሩት ሁሉ እሱም እዚያ እንደዚያው ነበር።

ወጣት ሳለ የሠራተኛ ማኅበራትን እንቅስቃሴ ተቀላቀለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1921 የጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ በዚያችው በሊቮርኖ ከተማ ሲመሠረት እሱም ወገናቸው ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በጥቅምት ወር ሙሶሊኒ ሥልጣን ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም፤ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ሠራተኛውን በየመንገዱ ደበደቡ፣ ማኅበራቱ ተዘጉ፣ ተቃዋሚ የተባለ ታሰረ። ባሮንቲኒም ሥራውን አጣ፣ ታሰረ፣ ክትትል ተደረገበት። እ.ኤ.አ. በ1931 በስውር ከአገሩ ወጥቶ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ከዚያም ወደ ሶቪየት ኅብረት አቅንቶ በሞስኮ የወታደራዊ ትምህርት ተማረ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛን የወረረው ፋሺዝም መጀመሪያ የወረረው የራሱን ሕዝብ ነው። ሙሶሊኒ መርዙን ወደ ኢትዮጵያ ከመላኩ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ ዱላውን የቀመሱት የአገሩ ሠራተኞችና ገበሬዎች ነበሩ። ባሮንቲኒ የእኛን ሕመም የተረዳው እሱም በዚያው እጅ የተመታ ስለነበረ ነው።

▪ ስፔን፦ ጣሊያናዊ ከጣሊያናዊ

እ.ኤ.አ. በ1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ሙሶሊኒ ጄኔራል ፍራንኮን ለመርዳት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጦር ላከ። በሌላው ወገን ደግሞ ከብዙ አገራት የመጡ በጎ ፈቃደኞች ተሰለፉ። ከእነሱ መካከል ስደተኞቹ ጣሊያናውያን "ጋሪባልዲ" የተባለ ሻለቃ አቋቋሙ። ባሮንቲኒም ከዚህ ሻለቃ አመራሮች አንዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 ጓዳላሃራ በምትባል ቦታ የሙሶሊኒ ጦርና የጋሪባልዲ ሻለቃ ፊት ለፊት ተጋጠሙ። ጣሊያናዊ ከጣሊያናዊ፣ በሰው አገር መሬት ላይ! ስደተኞቹ ለዘማቾቹ በራሳቸው ቋንቋ በድምፅ ማጉያ እየተናገሩ መሣሪያ እንዲጥሉ ይማጸኗቸው ነበር። ውጊያው በሙሶሊኒ ጦር ሽንፈት ተጠናቀቀ። ያን ጊዜ ሻለቃውን ሲመራ የነበረው ባሮንቲኒ ነው።

ያ ወር ለእኛ ምን ዓይነት ወር እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ በደም ታጥባ ነበር። ኢትዮጵያ በኋላ ለዓለም ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ማለትም አዲስ አበባ ላይ ሬሳ ሳይነሳ ጓዳላሃራ ላይ ጥቁር ሸሚዞች ይሸሹ ነበር።

▪ ወደ ጎጃም

በ1929 ክረምት ማብቂያና በ1930 ጎጃም ተነሳ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም የጣሊያንን ምሽጎች እያጠቁ ገጠሩን ከጠላት እጅ አወጡት። ችግሩ ግን ጥይቱ ጥቂት ነው፤ መድኃኒት የለም፤ ከውጭ ዓለም የሚመጣ ወሬ የለም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መሪዎቹ እርስ በርሳቸው አለመተማመናቸው ነው። ጠላትም ይህንን ያውቃል፤ አንዱን በሹመት፣ ሌላውን በገንዘብ ያባብላል።

የስደተኞቹ ጣሊያናውያን ፓርቲ በዚህ ጊዜ ለኢትዮጵያ አርበኞች አሰልጣኝ ለመላክ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ የ48 ዓመቱ ባሮንቲኒ በሱዳን በኩል ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በ1939 እ.ኤ.አ. ሁለት ጓዶቹ ተከተሉት፦ ከትሪዬስቴ አቅራቢያ የመጣው ስሎቬናዊው የባቡር ሠራተኛ አንቶን ኡክማርና ከላ ስፔዚያ አካባቢ የመጣው ብሩኖ ሮላ። ማንነታቸውን ለመሸፈን ባሮንቲኒ "ጳውሎስ"፣ ሮላ "ጴጥሮስ"፣ ኡክማር "ዮሐንስ" ተባሉ። በዚህም የተነሳ በታሪክ "ሦስቱ ሐዋርያት" የሚል ቅጽል ተሰጥቷቸዋል። በዚያው ዘመን ከፈረንሳይ የመጣው ፖል ሮቤር ሞኒዬም አብሯቸው ነበር፤ እሱ በወባ ታሞ እዚሁ አገራችን ላይ ሞተ።

እስኪ ራሳችሁን በአንድ የጎጃም አርበኛ ቦታ አድርጉ። ቤታችሁን ያቃጠለው ጣሊያን ነው። ወንድማችሁን የሰቀለው ጣሊያን ነው። አሁን ደግሞ አንድ ነጭ በቅሎ ላይ ሆኖ መጥቶ፣ ያውም ጣሊያንኛ የሚናገር፣ "ወዳጅ ነኝ" ይላችኋል። ታምኑታላችሁ? ባሮንቲኒ በጣሊያን ጦር ቢያዝ እንደ ከሃዲ ይረሸናል፤ በአርበኞች ዘንድ ቢጠረጠር ደግሞ እንደ ሰላይ ይገደላል። በሁለቱም በኩል ሞት ነበር። አርበኞቹ ግን አዳምጠውት፣ ሥራውን አይተው አመኑት። ይህ የእሱ ብቻ ሳይሆን የእነሱም ትልቅነት ነው። ያን ሁሉ ግፍ ተሸክመው "ጣሊያን ሁሉ አንድ ነው" አላሉም።

ሥራው ምን ነበር? አንደኛ፣ የሽምቅ ውጊያ ስልት ማስተማር፦ ከምሽግ ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ይልቅ በመንገድና በስንቅ ማመላለሻ ላይ ማድፈጥ፣ ፈንጂ ማዘጋጀት፣ መትቶ መሰወር። ሁለተኛ፣ የአርበኛ መሪዎችን ማቀራረብ። ሦስተኛ፣ በአማርኛና በጣሊያንኛ የሚዘጋጅ "የሐበሾች ድምፅ" የሚል ጽሑፍ እየታተመ እንዲሰራጭ ማድረግ። አማርኛው ለአርበኛው ነው። ጣሊያንኛው ግን በምሽጉ ውስጥ ላለው ተራ ወታደር ነው፤ "የምትሞተው ለማን ብለህ ነው?" እያለ የሚጠይቀው።

በዚሁ ጊዜ የንጉሡ መልእክተኛ ሎሬንዞ ታዕዛዝም በስውር ጎጃም ገብቶ አርበኞቹን ያስተባብር ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉም የሚደክመው ለአንድነት ነበር። ባሮንቲኒ እ.ኤ.አ. በ1940 ከአገራችን ወጣ። ጣሊያን በሰኔ 1940 እ.ኤ.አ. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ እንግሊዞችም ለአርበኞቹ እጃቸውን ዘረጉ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሡ በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ሲገሰግሱ፣ ከምሥራቅ የመጣው ጦር ደግሞ አዋሽን ተሻግሮ በእኛው በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ዘለቀ።

▪ ፋሺዝም ሃይማኖትን እንዴት ተጠቀመበት?

እዚህ ላይ ለእኛ ለሙስሊም ወጣቶች በተለይ ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። ፋሺስት ጣሊያን በኢትዮጵያ ራሱን የሙስሊሞች ወዳጅ አድርጎ ያቀርብ ነበር። መስጊድ ይሠራል፣ ለሐጅ ይረዳል፣ ዐረብኛ ያስተምራል። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 ትሪፖሊ ላይ "የእስልምና ሰይፍ" ተብሎ የተዘጋጀለትን ሰይፍ ተቀብሎ በፈረስ ተቀምጦ ፎቶ ተነስቷል። በቀደሙት መንግሥታት ተገፍተው የኖሩ አንዳንድ አባቶቻችን ይህን ሲያዩ ተስፋ ቢያደርጉ አይፈረድባቸውም፤ በደላቸው እውነተኛ ነበር።

ነገር ግን ያው መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በፊት ሊቢያ ላይ ምን አደረገ? በምሥራቅ ሊቢያ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሙስሊም ከቀዬው አፈናቅሎ በሽቦ በታጠረ ካምፕ አጎረ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በረሃብና በበሽታ አለቁ። ከ70 ዓመት በላይ የሆኑትን ሸኽ ዑመር አል-ሙኽታርን እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1931 በሕዝባቸው ፊት ሰቀለ። ያንን ዘመቻ ከመሩት አንዱ ማን ነበር? ግራዚያኒ! አዲስ አበባን በደም ያጠበው ያው ሰው።

ደግሞ ሌላ መራራ እውነት አለ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲረሸኑ ግራዚያኒ ሲያዝ፣ ጄኔራል ማሌቲ ለዚህ ሥራ ያሰማራው በቅኝ ግዛት የተመለመሉ ሙስሊም ወታደሮች ያሉበትን ሻለቃ ነው። ምርጫው በአጋጣሚ አልነበረም። ክርስቲያኑን በሙስሊሙ እጅ ማስገደል ደሙን ለልጅ ልጅ ማውረስ ነው። ሊቢያ ላይም በተመሳሳይ መንገድ ከሌላ ቅኝ ግዛት ያመጣቸውን ክርስቲያን ወታደሮች በሙስሊሙ ላይ አዝምቷል። ገዳይም ተገዳይም የእሱ አልነበሩም።

ባሮንቲኒና ጓዶቹ ከእንዲህ ዓይነቱ መንግሥት ጋር ነው የተዋጉት። ብቻቸውንም አልነበሩም፤ በኦጋዴን ግንባር የቱርኩ ጄኔራል ወሂብ ፓሻ የኢትዮጵያን ጦር ያማክር ነበር፣ ሶማሌው ዑመር ሰመተርም ከኢትዮጵያ ወገን ተሰልፎ ተዋግቷል። ሙስሊም፣ ክርስቲያን፣ ኮሚኒስት፤ ግፉን ያየ ሁሉ በየራሱ መንገድ መጣ።

▪ ስደተኛው ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ

ባሮንቲኒ ከእኛ ወጥቶ አላረፈም። ፈረንሳይ በናዚ ሥር ስትወድቅ እዚያ ከተቃዋሚዎች ጋር በኅቡዕ ተዋጋ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1943 ጣሊያን እጅ ሰጥታ ጀርመኖች ሲወሯት ከ12 ዓመት ስደት በኋላ አገሩ ገባ። አሁን ስሙ "ዳሪዮ" ነው። በቶሪኖ፣ በሚላኖ፣ ኋላም በቦሎኛ ትንንሽ የከተማ ተዋጊ ቡድኖችን አደራጀ። የኤሚሊያ ሮማኛ ግዛት የነፃነት ተዋጊዎችን ሁሉ የሚያስተባብረውን ዕዝ መራ። ቦሎኛ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1945 ነፃ ወጣች። ኡክማርም በበኩሉ በጄኖቫ ዙሪያ የተዋጊዎች አዛዥ ነበር።

የታሪክ ነገር ይገርማል። ጣሊያን ሌላውን አገር በወረረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሷ ተወራሪ ሆነች። ጎጃም ላይ ለወራሪ እንዴት እንደማይገዛ ካዩት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ዕውቀታቸውን ይዘው የራሳቸውን አገር ነፃ አወጡ። ባሮንቲኒ ጎጃም ያስተማረ ብቻ አይደለም፤ የተማረም ነበር።

▪ ከጠመንጃ ወደ ምክር ቤት

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1946 ጣሊያኖች ንጉሣዊውን ሥርዓት በድምፅ ሽረው ሪፐብሊክ መረጡ፤ በዚያው ቀን ሕገ መንግሥት የሚያወጣ ጉባኤም መረጡ። የቀድሞው የባቡር ሠራተኛ ባሮንቲኒ ከተመረጡት አንዱ ነበር። በታኅሣሥ 1947 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ጣሊያን ጦርነትን የሌላ ሕዝብ ነፃነት መግፈፊያ ማድረግን እንደማትቀበል ይደነግጋል። ያን አንቀጽ ካጸደቀው ጉባኤ አባላት መካከል ጦርነት ለተገፈፈው ወገን ምን እንደሆነ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ቆሞ ያየ ሰው ነበረበት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በየካቲት በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የኢትዮጵያን ነፃነት እንድታከብርና 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል አስገደደ። አፈጻጸሙ ተጓቶ በ1956 እ.ኤ.አ. መጠኑ ቀንሶ ስምምነት ተደረሰ። ከዚያ ገንዘብ ነው የእኛ ቆቃ የተገነባው። ባሮንቲኒ ቆቃን አላስገነባውም፤ እንዲህ ብንል ውሸት ይሆናል። ግን ካሣው በደልን ማመን ነው፤ እሱ ደግሞ ያንን በደል ገና በሚፈጸምበት ሰዓት አምኖ፣ በነፍሱ ተወራርዶ የተቃወመ ጣሊያናዊ ነበር።

በ1948 እ.ኤ.አ. የሪፐብሊኩ የመጀመሪያ ምክር ቤት ሴናተር ሆነ። ብዙ ግን አልቆየም። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1951 ፍሎሬንስ አቅራቢያ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ፤ 60 ዓመቱ ነበር። ሊቮርኖ ውስጥ ዛሬም በየዓመቱ የሚካሄድ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር በስሙ ይጠራል።

▪ የሁለት ሰዎች ሚዛን

ግራዚያኒስ? በኢትዮጵያም ሆነ በሊቢያ ለፈጸመው ግፍ አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ያውም በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ። በ1955 እ.ኤ.አ. ሞተ። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ሕንፃ ተሠራለት። ሕገ መንግሥቱ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም ጣሊያን ከታሪኳ ጋር ገና አልተፋታችም ማለት ነው።

እኛስ? እኛም የግራዚያኒን ስም ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። የባሮንቲኒን ስም ግን በአዳማ ጎዳና ላይ ብንጠይቅ ስንት ሰው ይመልሳል? የበደለንን እያስታወስን ስለ እኛ የተሰደደውን ከረሳን ታሪካችንን በግማሹ ነው የያዝነው።

"ኮሚኒስት ነበርኮ!" የሚል ይኖራል። ነበር። እምነቱ የእኛ እምነት አይደለም። በዚያ ርዕዮት ስም ደርግ በዚህ አገር ያፈሰሰውን ደም የየቤታችን አባቶች ያውቁታል። ፓርቲውም የራሱ ስሌት ነበረው። ይህን ሳንደብቅ ግን ፍትሕ ያደረገን ሰው "ፍትሕ አደረገ" ማለት ይገባናል። ሚዛን ማለት ይኸው ነው፤ የጠላነውን ሰው መልካም ሥራ አለመካድ፣ የወደድነውን ሰው ግፍም አለመሸፈን።

ወንድሞች፣ እህቶች! ዛሬ በስልካችን ላይ በየቀኑ የምናየው ምንድን ነው? "እነሱ እንዲህ ናቸው" የሚል። እነዚያ ብሔሮች፣ እነዚያ ሃይማኖቶች፣ እነዚያ የወዲያ ሰፈር ልጆች። አንድ ሰው ሲያጠፋ ወገኑ ሁሉ በጅምላ ይረገማል። የጎጃም አርበኛ ከማናችንም በላይ በጅምላ ለመጥላት ምክንያት ነበረው፤ ግን ሰውየውን ከመንግሥቱ ለየው። በመለየቱም ወዳጅ አተረፈ።

ሌላውና ከባዱ ትምህርት ከባሮንቲኒ በኩል ያለው ነው። ወገንህ ሲበደል መጮህ ቀላል ነው። ወገንህ ሲበድልስ? በደለኛ ወንድምን መርዳት ማለት እጁን ከበደል መያዝ እንደሆነ ከልጅነታችን በመድረሳ ሰምተናል። ባሮንቲኒ ይህን ትምህርት ከእኛ ኪታብ አልተማረውም፤ ግን ኖረው። አገሩን ስለጠላ አልተዋጋትም፤ ከግፍ ሊያወጣት ነው የተዋጋው። "ከሃዲ" ብለው ያሳደዱት ወድቀው፣ እሱ የአገሩን ሕግ ከሚያወጡት ጋር ተቀመጠ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በቆቃ በኩል ስታልፉ ውሃውን አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩት። አብሯችሁ ለተቀመጠው ታናሽ ወንድማችሁም ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ንገሩት። ስለ አርበኞቹ ንገሩት፣ ስለ ሸኽ ዑመር አል-ሙኽታር ንገሩት። ከዚያም በበቅሎ ተራራ ወጥቶ ከአያቶቻችን ጋር ስላደረው ስለዚያ የባቡር ሠራተኛ ጣሊያናዊ ንገሩት።

አላህ ከግፈኞች ጎን ከመቆም ይጠብቀን፤ ወገናችን ሲሳሳት "ተው" የምንልበትን ወኔ ይስጠን። ጽሑፉ ከጠቀማችሁ ለሌሎችም አድርሱልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።